ለውድድር የሚቀርብ አትክልት በጓሮዎ ሊያለሙ አስበዋል? ዘር ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በብሪታንያ ኦገስትና ሴፕቴምበር የአትክልት ውድድር ወራት ናቸው። በየመንደሩ አዳራሽና በሜዳ ላይ በተተከሉ ድንኳኖች ውስጥ ጨርቅ የለበሱ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ይዘረጋሉ። የአካባቢው ሰው ከጓሮው ያመጣውን ካሮት፣ ድንች፣ ሽንኩርትና አተር በጥንቃቄ ደርድሮ ይወጣል፤ ከዚያ ዳኞች ገብተው እያንዳንዱን ሳህን ይመረምራሉ። ሽልማቱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ፓውንድና አንድ ካርድ፣ ሲበዛም ለዓመት የሚቆይ ዋንጫ ነው። ሰው ግን ለዚያ ብሎ ወራት ሙሉ ይለፋል። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድና በደርሃም፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች በየክበባቸው የባሮ ሽንኩርት ውድድር እያካሄዱ ባህሉን ከአባት ወደ ልጅ አሻግረውታል። ቀኑን ከመሬት በታች በጨለማ ይውሉ የነበሩ ሰዎች ያቆዩት ሙያ በመሆኑ እኔ ከፍ ያለ አክብሮት አለኝ።

እርስዎም እዚያው አገር ጓሮ ካለዎት ወይም ከካውንስሉ አሎትመንት (ለአትክልት የሚከራይ ቁራሽ መሬት) ከተከራዩ፣ ጎመንና ቃሪያ ለቤት ማልማቱንም ከለመዱት፣ አንድ ቀን ጎረቤት አይቶ «ይህማ ለሾው የሚቀርብ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ደስ ካሰኘዎት ውሳኔው የማርችና የኤፕሪል ነው። በኦገስት ጠረጴዛው ላይ የሚታየው አብዛኛው ነገር በፀደይ ያለቀ ጉዳይ ነውና፣ ለዘር ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራስዎ ይመልሱ።

የሚፈልጉት ግዙፉን ነው ወይስ ጥሩውን?

ሁለቱ አንድ አይደሉም። በዎስተርሸር በሚገኘው ማልቨርን በየመኸሩ የሚካሄደው ብሔራዊ የግዙፍ አትክልት ውድድር የሚዳኘው በሚዛንና በሜትር ነው። በሴፕቴምበር 2023 በሃሮጌት የመኸር ትርኢት ላይ የቀረበ አንድ ሽንኩርት 8.97 ኪሎ መዝኖ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። እንዲህ ያለ ሽንኩርት ከገበያ በተገዛ ዘርና በመስኮት ብርሃን አይገኝም። ገበሬዎቹ ለዓመታት ራሳቸው መርጠው ያቆዩት ዘር፣ የሚሞቅ ላስቲክ ቤትና ክረምቱን ሙሉ የሚበራ መብራት አላቸው።

ሁለተኛው መንገድ የጥራት ውድድር ነው። እዚህ መለኪያው የተጻፈ ነው፦ በ1960 የተመሠረተው ብሔራዊ የአትክልት ማኅበር የዳኝነት መመሪያ አለው፣ የንጉሣዊው የአትክልተኞች ማኅበርም የትርኢት መመሪያ መጽሐፍ ያሳትማል። አብዛኞቹ የመንደር ውድድሮች ከሁለቱ አንዱን ይከተላሉ። ዳኛው የሚያየው ጤንነትን፣ ቅርጽን፣ ቀለምን፣ መጠንን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መመሳሰልን ነው። አምስት ካሮት ሲቀርብ አንዱ እጅግ ቢያምርና አራቱ ባይመስሉት፣ ያማረው ሳህኑን ይጎዳዋል። መጠናቸው መካከለኛ ሆኖ ከአንድ እናት የተወለዱ የሚመስሉ አምስት ካሮቶች ያሸንፉታል።

ይህ አንድ እውነት ስሌትዎን ሁሉ ይለውጠዋል። አምስት ተመሳሳይ ለማግኘት አሥራ አምስት ወይም ሃያ ማልማት ያስፈልጋል። በትንሽ ጓሮ አሥር ዓይነት አትክልት በጥቂት በጥቂቱ የዘራ ሰው ጥሩ ገበታ ይኖረዋል እንጂ አንድም የተሟላ ሳህን ማውጣት ይቸግረዋል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት በጥራት ውድድር፣ ከሦስት በማይበልጥ ዓይነት ይጀምሩ።

ስኬጁሉ በእጅዎ ነው?

እያንዳንዱ ውድድር ምድቦቹን፣ በየምድቡ የሚቀርበውን ብዛትና የመጠን ገደቡን የሚዘረዝር ስኬጁል ያወጣል። ከዘር ካታሎግ በፊት መነበብ ያለበት እሱ ነው። የዘንድሮው ገና ካልወጣ የአምናውን ከማኅበሩ ጸሐፊ ይጠይቁ፤ ምድቦቹ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጡም።

ነገሩ የወረቀት ሥራ ብቻ አይደለም። ስኬጁሉ ሦስት ካለ አራት ያቀረበ ሰው ሳህኑ ሳይዳኝ ይወድቃል፤ ካርዱ ላይ «ኤን ኤ ኤስ» ተብሎ ይጻፍበታል፣ እንደ ስኬጁሉ አይደለም ማለት ነው። ገደቦቹም ጥብቅ ናቸው። ለአቻር የሚሆን ሻሎት ከ30 ሚሊሜትር ቀለበት ማለፍ አለበት። በትንንሽ ቲማቲም ምድብ ስፋቱ ከ35 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። «ከ250 ግራም ያልበለጠ ሽንኩርት» በተባለበት ምድብ 251 ግራም የመዘነው ውጭ ነው። ስለዚህ የሚዘሩት ዝርያም የሚተክሉበት ርቀትም በስኬጁሉ ይወሰናል።

ሌላም አለ። መመሪያዎቹ ለየአትክልቱ እንደ ችግሩ መጠን ከፍተኛ ነጥብ መድበዋል። ረጅም ካሮት፣ ፓርስኒፕ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሰለሪ፣ አበባ ጎመንና ትልቁ ሽንኩርት እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ይይዛሉ፤ ፎሶሊያ 15፣ ራዲሽ 10። ይህ የሚያሳስበው የተለያዩ አትክልቶች በአንድ ላይ ለሚወዳደሩበት ምድብ ነው። እያንዳንዱ ከራሱ ዓይነት ጋር ብቻ በሚወዳደርበት ምድብ ግን የ15 ነጥቡ ፎሶሊያ ከ20 ነጥቡ ሰለሪ ያነሰ ካርድ አያስገኝም። ጀማሪ ሆነው 20ዎቹን የሚያሳድዱበት ምክንያት የለም።

ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ ቆጥረዋል?

ለቤት ሲያለሙ አትክልቱ ሲደርስ ይበሉታል። ለውድድር ሲሆን አትክልቱ መድረስ ያለበት በአንድ ቅዳሜ ነው፣ ያውም በጠዋት። ውድድሩ ኦገስት 30 ነው እንበል። ጫፉ ድፍን የሆነው አጭር ካሮት 20 ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ በኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት መዘራት አለበት። ድንች ከ16 እስከ 18 ሳምንት ይሰጠዋል፤ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ማለት ነው። አተር 12 ሳምንት ገደማ ይበቃዋልና ጁን መግቢያ ላይ ይዘራል። ፎሶሊያ ከ10 ሳምንት ብዙም ስለማያልፍ እስከ ጁን አጋማሽ ድረስ ጊዜ አለዎት። ፓርስኒፕ ግን 28 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ማርች ከገባ በኋላ እያንዳንዷ ቀን ትቆጠርበታለች።

የአየሩን ጠባይ ማንም ስለማይተነብይ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ፎሶሊያንና አተርን በአንድ ቀን አይዘሩም። በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይዘራሉ፤ አንደኛው በሙቀት ቢፈጥን፣ ሌላው በዝናብ ቢዘገይ፣ አንዱ ቀኑን ያገኘዋል።

ጊዜው ያለፈበትን ለይተዋል?

ትልቁ ሽንኩርትና ረጅሙ ባሮ ሽንኩርት የፀደይ ሥራ አይደሉም። «ኬልሴ» የተባለውን ታዋቂ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ዘሩን በቤት ውስጥ ሙቀት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ይዘራሉ፤ የፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26፣ የታወቀ ቀናቸው ነው። ለውድድር የሚሆነው ባሮ ሽንኩርትም በአብዛኛው ከዘር አይነሣም። አበባው ላይ ከሚበቅሉ ጥቃቅን ቡቃያዎች ስለሚባዛ ልጁ እናቱን ይመስላል፣ እሱም ክረምቱን በመብራት ሥር ያድጋል። አሁን ማርች ላይ ሆነው እነዚህን ከዘር ልጀምር ቢሉ ሦስት ወር ዘግይተዋል።

በፀደይ የደረሰ ችግኝ የሚሸጡ ልዩ አምራቾች አሉ፤ ከዌልስ አንግልሲ ደሴት ተነሥተው በቼልሲ የአበባ ትርኢት በአትክልት ማሳያ በርካታ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኙት ሜድዊን ዊሊያምስ ያቋቋሙት የዘር ድርጅት ከሚታወቁት ነው። ችግኝ ገዝቶ ማሳደግ በብዙ ውድድሮች ይፈቀዳል፤ ያደገ አትክልት ገዝቶ ማቅረብ ግን ክልክል ነው። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ግን ከ250 ግራም ያልበለጠውን የሽንኩርት ምድብ ነው። ለተከላ የተዘጋጁትን ትንንሽ ሽንኩርቶች ማርችና ኤፕሪል ላይ መሬት ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ ሻሎትም እስከ ማርች መጨረሻ ሊተከል ይችላል። ሻሎት ከአገር ቤት ቀይ ሽንኩርት ጋር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ጠባዩ ለእጅዎ አዲስ አይሆንም።

መሬትዎ ለሥራ ሥር ይሆናል?

አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነውና ጥቂት እንቆይበት። ካሮትና ፓርስኒፕ ወደ ታች ሲወርዱ ድንጋይ ወይም ጠንካራ አፈር ካገኙ ይጣመማሉ ወይም ይሰነጠቃሉ፤ አዲስ ፍግ የገባበት መሬትም ሁለት ሦስት እግር ያወጣቸዋል። ለወጥ ምንም አይደለም። ለውድድር ግን ሥሩ ቀጥ ብሎ፣ ቆዳው ያለ ጭረት መውጣት አለበት። የብሪታንያ ተወዳዳሪዎች መፍትሔ መሬቱን ትቶ አዲስ መሬት መሥራት ነው።

የሚሠሩት እንዲህ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ወይም ከሳንቃ የተገጠመ ከፍ ያለ መደብ በአሸዋ ይሞላል። አሸዋው ረጥቦ ሲጠቀጠቅ በወፍራም ብረት እየተዞረ ወደ ታች የሚጠብ ጉድጓድ ይከፈታል፤ ለረጅም ካሮትና ለፓርስኒፕ 90 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ፣ ለአጭሩ ካሮት 45 ሴንቲሜትር ያህል ይበቃል። ጉድጓዱ በደቃቅ ወንፊት በተነፋ ኮምፖስት ይሞላል፣ ሦስት አራት ዘር በላዩ ይጣላል፣ ሲበቅሉ ጠንካራው ቀርቶ ሌላው ይነቀላል። ሥሩ ያለ እንቅፋት የተዘጋጀለትን ጉድጓድ ይዞ ይወርዳል። አሸዋው ሲነቀልም አያስቸግርም፤ ውኃ ሲጠጣ ይላላና ካሮቱ ጫፉ ሳይበጠስ ይወጣል።

ከመወሰንዎ በፊት ክብደቱን ያስቡ። በአሸዋ የተሞላ አንድ በርሜል ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከተሞላ በኋላ አይገፋም፣ በረንዳ ወይም የእንጨት ወለል ላይም አይቀመጥም። ፀሐይ የሚያገኝበትን ቦታ አስቀድመው ይምረጡ፣ በአሎትመንት ከሆነ ደግሞ ካውንስሉ በርሜል መትከልን ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ። ቦታውም ጉልበቱም ከሌለዎት አጭሩን ካሮት ይያዙ። «ስዊት ካንድል» የተባለው ዝርያ በውድድር ጠረጴዛዎች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ሥሩ እኩል ስለሚወጣ ነው፤ ጥልቅ ባልዲም ይበቃዋል።

ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ካሮቱን በደቃቅ መረብ መሸፈን ግዴታ ነው። የካሮት ዝንብ ለመሬት ቀርባ ትበራለች፣ ሽታውን ተከትላ እንቁላሏን በሥሩ አጠገብ ትጥላለች፣ ትሉም ቆዳውን ቦይ ቦይ አድርጎ ይበላዋል። አንድ የትል መንገድ ሳህኑን ከውድድር ያስወጣዋል። የመጀመሪያዎቹ ዝንቦች በሜይ ይደርሳሉና መረቡ ከእነሱ መቅደም አለበት።

ፍጉ ከየት መጣ?

ለድንች፣ ለባሮ ሽንኩርትና ለፎሶሊያ የበሰበሰ ፍግ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በብሪታንያ በግጦሽ መሬት ላይ አረም ለማጥፋት የሚረጭ አሚኖፒራሊድ የተባለ መድኃኒት አለ። ፈረሱ ወይም ከብቱ ሣሩን በልቶ መድኃኒቱ ሳይፈርስ በፍጉ ይወጣል፤ ድርቆሹና ገለባውም ይሸከሙታል። እንዲህ ያለ ፍግ የገባበት መደብ ላይ ቲማቲም፣ ድንች፣ ባቄላና አተር ቅጠላቸው ይጠቀለላል፣ ተኮማትረው ይቀራሉ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፍጉን ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለው በሦስት የችግኝ ዕቃ፣ ንጹሕ ኮምፖስት ብቻ ደግሞ በሌላ ሦስት ይሙሉ፤ በሁሉም ባቄላ ይዝሩ። በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ በፍጉ ላይ የበቀሉት ብቻ ቅጠላቸው ከተጠመዘዘ ፍጉን አይጠቀሙበት። ማርች ላይ ቢጀምሩ ለሜይ ተከላ መልሱ ይደርስልዎታል።

የአፈሩን አሲድነትም በርካሽ መፈተኛ ይለኩ። 6.5 አካባቢ ለአብዛኛው ይስማማል፤ ጎመንና አበባ ጎመን 7ንና ጥቂት ከፍ ያለውን ይወዳሉ። ኖራ የሚያስፈልግ ከሆነ ከፍግ ጋር በአንድ ጊዜ አይጨምሩ።

ለመጀመሪያ ዓመት የምመክረው፦ ድንች

መሬት ሳይኖር፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ በተነጠፈ ጓሮ እንኳ ሊለማ የሚችል አንድ አትክልት ካለ ድንች ነው። ተወዳዳሪዎች አንድ አንድ ዘር ድንች 15 ወይም 20 ሊትር በሚይዝ ጥቁር ላስቲክ ከረጢት ይተክላሉ። ምክንያቱ ቆዳው ነው፤ ጠጠር የሌለው ለስላሳ ኮምፖስት ቆዳውን አይጭረውም፣ ቀንድ አውጣም አይደርስበትም። «ኬስትረል»ና «ዊንስተን» የታወቁ የውድድር ዝርያዎች ናቸው። ዘሩ የጤና ማረጋገጫ ያለው ይሁን፤ ከሱፐርማርኬት የተረፈ ድንች በሽታ ይዞ ይመጣል። ማርች ላይ ብርሃን ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ ያጎንቁሉት፣ ከዚያ ይትከሉ። ዳኛው የሚወደው መጠን ከ200 እስከ 250 ግራም ነው፤ ከዚያ የበለጠው ውለታ የለውም። ሲወጣ በብዙ ውኃና በለስላሳ ስፖንጅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አረንጓዴ እንዳይሆን ከብርሃን ተሸፍኖ ይቀመጣል። አምስት ለሚጠይቅ ምድብ ቢያንስ ስምንት ከረጢት ይኑርዎት።

ከድንቹ ጎን «ፓብሎ» የተባለውን ቀይ ሥርና አንድ መስመር ፎሶሊያ ቢጨምሩ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ሞላ ማለት ነው።

መስኮትዎ ምን ያህል ብርሃን አለው?

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰለሪና ዱባ በቤት ውስጥ ይጀመራሉ። ለመብቀል 18 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃቸዋል፤ ችግሩ ከበቀሉ በኋላ ነው። የማርች ብርሃን በእንግሊዝ ደካማ ስለሆነ በመስኮት ላይ ያለ ችግኝ አንገቱ ረዝሞ ይልፈሰፈሳል። መብራት ከሌለዎት ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዝሩ፤ ዘግይቶ የተዘራ ጠንካራ ችግኝ ቀድሞ የተዘራውን ልፍስፍስ ይደርስበታል።

ውርጩ በደቡብ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ በሰሜንና በስኮትላንድ እስከ ጁን መግቢያ ሊመጣ ይችላል። ከቤት የወጣ ችግኝ በአንድ ሌሊት እንዳይቃጠል ለአሥር ወይም ለአሥራ አራት ቀናት ቀን ቀን እያወጡ፣ ማታ እያስገቡ ያላምዱት።

ዘሩን ከየት ያመጡታል?

ለመመሳሰል ሲባል አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ድብልቅ ዝርያ (ኤፍ ዋን) ይመርጣሉ። የፓርስኒፕ ዘር ከአንድ ዓመት በኋላ የመብቀል ኃይሉ ስለሚወድቅ የአምናውን ይጣሉት።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የቃሪያና የቲማቲም ዘር በሻንጣ መያዝ ግን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ለተከላ የሚሆን ድንችማ ጭራሽ አይነካም። በሽታው ወደ ጎረቤት መደብ ይሻገራልና ሕጉን ማክበር ለእነሱም ማሰብ ነው። የሐበሻ ጎመንን ዘር በዚያው በብሪታንያ ከሚገኝ ሻጭ ካገኙ ግን ብዙ ስኬጁሎች «ሌላ ማንኛውም አትክልት» የሚል ምድብ አላቸው። ጎመኑ ረጅም ቀን ሲያይ ወደ አበባ ስለሚቸኩል ለሴፕቴምበር ውድድር ዘግይተው፣ ጁን መጨረሻ ላይ ይዝሩት፤ ከተባይ በመረብ ይሸፍኑት፤ ስሙን ለዳኛው በግልጽ ጽፈው ያስቀምጡ። ያገራችን ጎመን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቢታይ ደስታዬ ነው።

ጁላይና ኦገስት ላይ የት ነዎት?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ነገር ይወስናል። ብዙ ቤተሰብ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዞ አገር ቤት ይሄዳል። በከረጢት ያለ ድንች በሞቃት ሳምንት በየቀኑ ማለት ይቻላል ውኃ ይፈልጋል። ቲማቲም ውኃው አንድ ቀን በዝቶ አንድ ቀን ከጎደለ ይሰነጠቃል። ፎሶሊያ ካልተለቀመ ያረጃል፣ አዲስም አያፈራም። ጎረቤት ውኃ ሊያጠጣልዎት ይችላል፤ ከሃያ ፎሶሊያ ውስጥ የሚመሳሰሉትን መርጦ በቀኑ መልቀም ግን የእርስዎ ዓይን ሥራ ነው።

ስለዚህ ጁላይና ኦገስትን በሙሉ በቤትዎ ካሉ ድንቹን፣ ቀይ ሥሩንና ፎሶሊያውን ያስገቡ። የሚሄዱት በኦገስት ብቻ ሆኖ ለሴፕቴምበር ውድድር የሚመለሱ ከሆነ ሻሎት ይትከሉ፤ ጁላይ ውስጥ ተነቅሎ አየር በሚያገኝ ጥላ ይደርቃል፣ እርስዎ በሌሉበትም አይበላሽም። ሁለቱንም ወራት የሚጓዙ ከሆነ ግን ዘንድሮ አይወዳደሩ። ሲመለሱ በሴፕቴምበር የሚካሄድ አንድ ውድድር ሄደው ይዩ፣ አሸናፊዎቹን ቀርበው ይጠይቁ፤ ለከርሞም ሽንኩርቱን በዲሴምበር ይጀምሩ።